ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሸጡ ሰዎች

አንዲት አገር ነበረች። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ግን አልናገርም፣ ዝም አይነቅዝም። ከናንተ አገር ጋር የምትመሳሰልበት ነገር ካገኛችሁ ጥፋቱ የኔ አይደለም። አገር ከአገር ይመሳሰላል፤ ሹምና ሹምማ ከጥንትም መንትያ ናቸው።

በዚያች አገር ቡና እንደ ጉድ ይበቅላል። ዳገቱም ቁልቁለቱም ቡና ነው፤ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ተኮፍሶ የሚኖር ቡና። ሰዎቹ ይተክሉታል፣ ይኮተኩቱታል፣ ቀይ ቀዩን እየመረጡ ይለቅሙታል፣ በቀርከሃ አልጋ ላይ አስጥተው ያደርቁታል፣ ዝናብ ሲመጣ ከልጆቻቸው በፊት እሱን ያለብሱታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የነሱ ጉዳይ አይደለም። እንዴት እንደሚሸጥ ብነግራችሁ «ይሄ ሽማግሌ ዘባረቀ» ትላላችሁ። በሉ፤ እኔ እንደተነገረኝ እናገራለሁ።

የገበያው ቀን ሲደርስ ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ሚዛን ቤት ይመጣል። በሩ ላይ ስም አጣቢ የሚባል ሹም ተቀምጧል። ስም አጣቢው «የማን ነው?» ይላል። «የእከሌ ነው» ይላል ገበሬው። «ከየት ነው?» «ከእንዲህ ያለ ተረተር ነው።» «በል እርሳው!» ይላል ሹሙ። ገበሬውም ጮክ ብሎ «ረሳሁት!» ማለት አለበት። ድምፁ ዝቅ ካለ፣ ወይም ሲናገር ፊቱ ከከፋ፣ ይደገማል። አንዳንድ ሆደ ባሻ ሰው እስኪመሽ ድረስ እዚያ በር ላይ ሲረሳ ይውላል።

ቡናው ከተረሳ በኋላ ወደ ሚዛን ይገባል። ገበሬው ግን ሚዛኑን ማየት አይችልም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ «ሚዛን ዓይን አፋር ነው። ባለቤት ትክ ብሎ ካየው ይንቀጠቀጣል፤ ከተንቀጠቀጠ ይሳሳታል።» ጀርባ ተሰጥቶትም እንደሚሳሳት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሲሳሳት አላዩትምና ምስክር የለም። ከሚዛኑ ማዶ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ከመጋረጃው ወዲያ ገዢዎቹ አሉ፤ ወዲህ ገበሬዎቹ አሉ። ገዢና ሻጭ መነጋገር ክልክል ነው። በመካከል የሚመላለሰው አፈ ሚዛን የተባለው ትልቁ ሹም ብቻ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ይገባል፣ የገዢውን ዋጋ በጆሮው ይሰማል፣ ወጥቶ ለገበሬው በአፉ ይናገራል። ከማዶ እስከ ወዲህ ያለው አንድ እርምጃ ነው፤ ዋጋው ግን በዚያች አንድ እርምጃ ውስጥ እንደ ድርቅ ዘመን በሬ ከስቶ ነው የሚወጣው። አፈ ሚዛን ጓንጉል ግን ዓመት በዓመት ይወፍር ነበር። መጋረጃው ስንት ጊዜ ለእሱ ተብሎ ሰፋ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። «የጠራ ቡና ለአምራች ሆድ አይስማማም» ይላል። ስለዚህ ገበሬ ከለቀመው ቡና አንዲት ፍሬ ቆልቶ መጠጣት አይችልም። ሁሉንም ለሚዛን ቤት ያስረክባል። ለሱ ደግሞ ከሚዛን ቤት «ምርቃት» የሚባል ቡና ተሰፍሮ ይመጣለታል። ምርቃት ይባል እንጂ በገንዘብ ነው የሚገዛው። ጥቁር ነው፣ ጠጠር አለው፣ አንዳንዴ ምስማር ይገኝበታል። ሰዎቹ ጨው ጨምረው፣ ቅቤ ጨምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡታል። ከጊዜ ብዛት ግን ወደዱት። «ቡና ማለት ጉሮሮ ሲቧጥጥ ነው» ይባባሉ ጀመር። ልጅ ሲድሩ እንኳ የምትመረጠው «የሷ ቡና ያስለቅሳል» የተባለላት ሴት ነበረች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ፤ እነዚህስ ጥማቸውንም አያውቁት።

ሕጉን የሚያስጠብቀው ጢስ ሹም የተባለ ባለ ትልቅ አፍንጫ ሰው ነው። በየመንደሩ እየዞረ ከየቤቱ ክዳን የሚወጣውን ጢስ ያሸታል። የጠራ ቡና ሽታ ካገኘ ባለቤቱ ወዮለት።

ታሪኩ እንግዲህ የቢራራ ነው። ቢራራ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ልቡ ግን የዋህ የሆነ ገበሬ ነው። ያለው ነገር ቢኖር አባቱ በተረተሩ ላይ የተከሉለት የቡና ዛፎች ብቻ ናቸው። አባቱ ሲሞቱ «እኔ ብሞት እነሱ አሉ፤ አባትህ እነሱ ናቸው» ብለውት ነበር። የተቀበሩትም እዚያው በማሳው ጠርዝ ነው። ቢራራ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ዛፎቹን ደህና አደራችሁ ይላል፤ ከዚያ ነው ሚስቱን። ሚስቱ ማንያህልሻል በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አኩርፋለች።

አንድ የገበያ ቀን ገበሬዎቹ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተሰልፈው ሳለ፣ መጋረጃው ከሥሩ ተንቀሳቀሰና አንድ ራስ ብቅ አለ። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ገዢ ነበር። የአገሩን ሕግ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ተንበርክኮ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ጉልበቱን አራግፎም ቆመ። በእጁ ከሥሩ ጥቂት ቡና የቀረበት ጆንያ ይዟል።

«የተከበራችሁ ሕዝብ ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ» አለ፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ነው የተማረው። «በዚህ ከረጢት ውስጥ የነበረውን ቡና ንጉሣችን ጠጥቶ አለቀሰ። ይህን ያበቀለውን ሰው እጁን እጨብጥ ዘንድ መጥቻለሁ። እርሱ ማን ነው?»

አፈ ሚዛን ጓንጉል መጋረጃው ተጠምጥሞበት ሊወድቅ እስኪል ድረስ እየሮጠ መጣ። «ጌታዬ፣ ጌታዬ! በእኛ አገር ቡና ባለቤት የለውም። ከመንግሥት ጸጋ ነው የሚወርደው!»

«እንደ ዝናብ?» አለ እንግዳው።

«እንደ ዝናብ! በትክክል እንደ ዝናብ!»

ቢራራ ጀርባውን እንደሰጠ አንገቱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጠመዘዘ። በዓይኑ ጠርዝ ጆንያውን አየ። የጆንያው አፍ የተሰፋበት ክር ግማሹ ገና አልተፈታም ነበር። ስፌቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሟል። ማንያህልሻል ግራኝ ናት፤ በዚያ አገር እንደሷ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም። ሹሞቹ ስሙን አጥበው ሲያወጡ ስፌቱን ረስተውታል።

«እንዴ!» አለ ቢራራ፤ ምላሱ እንደ ልማዱ ቀደመው። «የማንያህልሻል ስፌት! ይሄማ የኔ ቡና ነው!»

 ጓንጉል ቀስ ብሎ ዞረ።

«አንተ» አለ፤ «በር ላይ ረሳሁት አላልክም?»

«ብያለሁ ጌታዬ። ረስቼው ነበር። አሁን ግን ሳላስበው ትዝ አለኝ።»

እንግዳው በደስታ ሄዶ የቢራራን እጅ ሊጨብጥ ሲል ጓንጉል በመሀል ገባ። ክፉ ሰው ቢሆንም ሞኝ አልነበረም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ያደገ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ።

«መልካም» አለ፤ «እኛ ፍትሕ እናውቃለን። ቡናው የሱ ከሆነ ቀምሶ ይለየዋል። በሚመጣው ገበያ ሦስት ስኒ ይቀርብለታል። ከሦስቱ አንዱ ከዚህ ጆንያ የተረፈው ነው። ከለየው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃ ሳይጋረድበት፣ ከእንግዳው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በገዛ ስሙ ይሽጥ። ካልለየው ግን በእንግዳ ፊት ዋሽቷል። የዋሸ ሰው ዛፍ በመጥረቢያ ይወርዳል። ተስማማህ?»

«የገዛ ልጄን ፊት የማላውቅ መሰላችሁ?» አለ ቢራራ። ሌሎቹ ገበሬዎች ጀርባቸውን እንደሰጡ እልል አሉ።

ቤቱ ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ ለማንያህልሻል ነገራት። ማንያህልሻል የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛፎቹን አስያዝክ?»

«ምን አለበት? የኔ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ከምርቃቱ በቀር ምን ቡና ጠጥተህ ታውቃለህ?»

«ምርቃቱስ የማን ነው? የኛው አይደል? ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መጣ እንጂ!»

 እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያ ነበር የምታምነው። ቢሆንም ዛፎቹን በመስኮት ደጋግማ አየቻቸው።

ገበያው ደረሰ። ሕዝቡ ከየተረተሩ ወርዶ ሚዛን ቤቱን ሞላው። ለዚያ ቀን ብቻ ፊት ማዞር ተፈቅዶ ስለነበር ብዙ ሰው አንገቱን አሞት፣ ወዴት እንደሚመለከት ግራ ገብቶት ነበር። ሦስት ስኒ በአግዳሚ ላይ ተደርድሯል። እንግዳው በአንድ ወገን፣ ጓንጉል በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ቢራራ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣና በስመ አብ ብሎ የመጀመሪያውን ስኒ አነሣ።

ቀመሰ። ግንባሩ ተቋጠረ። ስኒውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። እንደገና ቀመሰ። ሲጠጣው ጉሮሮውን አልቧጠጠውም። የሎሚ ቅጠል የመሰለ፣ የማር የመሰለ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ማሳው ሲያብብ የሚሸት የመሰለ ነገር በአፍንጫው ወጣ።

«ይሄ ሽቶ ነው» አለ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ለሴት ጠጉር ይሆን እንደሆን እንጂ ለሰው ሆድ አይሆንም። ቀልዳችሁብኛል!» ሕዝቡ ሳቀ።

ሁለተኛውን ቀመሰ። «ይሄ የሀብታም ቡና ነው። ለስላሳ ነው፣ አቅም የለውም።»

ሦስተኛውን ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ በጥርሱ መሀል ጠጠር ቀጭ አለ። ቢራራ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«እናት ዓለም!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ነው! ይቺ የጆንያ ጣዕሟ! ይቺ ጉሮሮ የምትነክሰው! ቢገድሉኝ አልስታትም! ቅመሱ እስቲ እናንተም!»

ስኒው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገበሬዎቹ እየቀመሱ፣ እየሳሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ «እሱ ነው! የኛው ነው! እግዜር ያሳያችሁ፣ የኛው ነው!» አሉ። አንድ ሽማግሌማ ምራቃቸውን ውጠው «እንዲህ ያለውን እናቴ ነበረች የምታፈላው» ብለው አለቀሱ።

ጓንጉል መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ወንበሩ። ስም አጣቢውም ጢስ ሹሙም ተከትለው ሳቁ።

«ሕዝብ ሆይ» አለ ጓንጉል ዓይኑን እየጠረገ፣ «እንግዳችንም ስማ። ከእንግዳው ጆንያ የተፈላው 'ሽቶ ነው' የተባለው የመጀመሪያው ስኒ ነው። ይሄ 'እናት ዓለም' ያላችሁት ትናንት ከመጋዘን ወለል በመጥረጊያ የተጠረገ ነው። ምርቃታችሁ ነው። ዓመት በዓመት የምንልክላችሁ እሱን ነው።»

 እንግዳው ግን አልሳቀም። «የገዛ ቡናቸውን ስለምን አያውቁትም?» ብሎ ጠየቀ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «ይኸው አዩ፣ ሆዳቸው አይቀበለውም። ሕጋችን አዝኖላቸው ነው።»

እንግዳው አዘነ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ በጣም አዘነ። አዝኖም ወደ መጋረጃው ማዶ ተመልሶ ገባና የዓመቱን ቡና በሙሉ ገዛ።

ቢራራ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ያሳፈረው መሸነፉ አልነበረም፤ ያሳፈረው የመጀመሪያው ስኒ ነው። አባቱ የተከሉትን፣ በሌሊት ብርድ የለቀመውን፣ ከዝናብ የሸሸገውን ልጁን ዓይን ለዓይን አይቶ «ሽቶ ነው» ብሎ ሕዝብ አሳቀበት። ቤቱ ደርሶ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ለማንያህልሻል ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር። አልተቆጣችም። ወደ ጓሮ ሄዳ ከቀርከሃው አልጋ ላይ ገና ያላስረከቡትን ደረቅ ቡና በሰፌድ ይዛ መጣች፤ ፈልፍላም ምጣዱን ጣደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ቢራራ፤ ዘሎ ተነሣ። «ጢስ ሹሙ!»

«ይምጣ» አለች። «ዛፉ ሊቆረጥ ነው። ማን እንደነበር ሳላውቀው ልቀብረው ነው እንዴ?»

ቆላችው። ሽታው በክዳኑ ወጥቶ በተረተሩ ላይ ሄደ። ጎረቤት ከየማሳው ቀና ቀና አለ። እውነትም ጢስ ሹሙ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫውን አስቀድሞ ደጁ ላይ ደረሰ። 

ጢስ ሹሙ አሸተተ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አሸተተ። «ምንድን ነው የምታጨሱት?» አለ። «አበባ ነው? የሙሽራ ቅባት ነው?»

ማንያህልሻልና ቢራራ ተያዩ።

«የሙሽራ ቅባት ነው» አለች ማንያህልሻል።

«አዎ፣ ቡናስ አይደለም» አለ ጢስ ሹሙ በኩራት። «ቡናን እኔ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ። ቡና እንደ ተቃጠለ ቁርበት ነው የሚሸተው። ብቻ ቆንጆ ነገር ነው፤ ለሙሽሪት ይባርክላት።» ደጋግሞ እያሸተተ፣ ወደ ኋላው እየዞረ ሄደ።

በሩ ላይ ሆነው ሳቃቸውን በጋቢ አፈኑት። ከዚያ ጠጡ። ቢራራ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ ሳቁ ቆመ። አሁን ሽቶ አላለውም። ማሳው ነው፤ የብሳናው ጥላ ነው፤ የጥቅምት ጠዋት ነው። «ይህን ነበር ወይ?» አለ። «ይህን ነበር ወይ ዕድሜያችንን ሙሉ ረሳነው እያልን ስንሰጣቸው የኖርነው?» አለቀሰ፤ ስላለቀሰም አላፈረም። ንዴትም ነበረበት፣ ደስታም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እሱም አልለየውም።

ብዙም ሳይቆይ ዛፍ ቆራጮቹ መጡ። አለቃቸው ሙጬ የሚባል፣ ከተረተሩ ማዶ የሚኖር፣ ግዳጅ ይዞት እንጂ እሱም ቡና የሚያመርት ሰው ነው። መጥረቢያውን ከአንደኛዋ ዛፍ ጋር አስደግፎ ወደ ደጁ መጣ። በዚያ አገር ቆራጭ ከባለቤቱ ቤት አንድ ስኒ ቡና ሳይጠጣ ዛፍ አይነካም፤ ዛፉ ቂም ይዞ መጥረቢያውን ከእጀታው ያስወልቃል ይባላል። ያንን ስኒ ባለቤቱ ሊከለክል፣ ቆራጩም እምቢ ሊል አይችልም።

«ጋሼ ቢራራ፣ አዝናለሁ» አለ ሙጬ አንገቱን ደፍቶ። «የታዘዝኩት ነው።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

ማንያህልሻል ለእሱም አብረውት ለመጡት ቆራጮችም ቀዳች። ሙጬ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቶሎ ሊገላገለው ስኒውን ወደ አፉ አስጠጋ። ሳይውጥ ቆየ። የተጨፈነው ዓይኑ ተገለጠ። ሰዎቹም አንድ በአንድ ወደ ስኒያቸው አጎነበሱ።

«እትዬ» አለ ሙጬ፣ «ይሄን ከየት ገዛችሁት?»

«አልገዛነውም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ቢራራ በአገጩ አመለከተ። «ከዚያች። መጥረቢያህን ካስደገፍክባት።»

ሙጬ ዞሮ ዛፏን አያት። ተነሣና ሄደ፤ መጥረቢያውን ከግንዷ አንሥቶ ቀስ ብሎ ሣር ላይ አስተኛው። ሰዎቹም ሳይነገራቸው የያዙትን መጥረቢያ ከጎኑ አኖሩ። ተመልሶ ተቀመጠና ባዶ ስኒውን ዘረጋ፤ ማንያህልሻል ሞላችለት። አሁን ግን አልጠጣም። ወደ ተረተሩ ማዶ፣ ወደራሱ ማሳ ሲመለከት ቆየ።

«ጋሼ ቢራራ፣ የኔም አባት የተከላቸው አሉ። የዘንድሮው ገና አልጋ ላይ ነው፤ ነገ ነው ወደ ሚዛን ቤት የሚወርደው።»

«እና?»

«እንዲህ ይሆን?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ ቢራራ። «ያንተ ነው። ሂድና ቅመሰው።»

ሙጬ ስኒውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ደህና ዋሉም ሳይል እየተጣደፈ ተረተሩን ያዘ። ሰዎቹም እያንዳንዳቸው ወደየመንደራቸው ሄዱ። መጥረቢያዎቹ እዚያው ሣሩ ላይ ቀሩ።